መኖ እምቢ ሲል

አንኮበር ላይ ላም ስትታመም ጎረቤት መጥቶ የሚጠይቀው "ትበላለች ወይ?" ብሎ አይደለም፤ "ታመነዥካለች?" ብሎ ነው። ከብት ታሞም ቢሆን ከቀረበለት ድርቆሽ ጥቂት ሊነጭ ይችላል። የዋጠውን መልሶ ማላመጥ ካቆመ ግን ሆዱ ሥራ ፈቷል ማለት ነው። ጤነኛ ላም ከሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ሰባት ስምንቱን ታመነዥካለች፤ ብዙውን ደግሞ ሌሊት። ሰውና ከብት በአንድ ጣራ ሥር በሚያድርበት ደጋ ቤት ባለቤቲቱ የምትተኛው ያንን ድምፅ እየሰማች ነው። ሲቋረጥ ትነቃለች። ከከተማ የመጣ እንግዳ ደግሞ በዚያው ድምፅ እንቅልፍ አጥቶ ያድራል።

*

ሜሪላንድ የምትኖር የአንኮበር ልጅ ለእናቷ በቪዲዮ ደውላ፣ ልጇ የሚያሳድገው ጌኮ እህል አልቀምስ ማለቱን ስትነግራቸው አጠገባቸው ነበርኩ። ጌኮ የእንሽላሊት ወገን ነው። የልጁ ነብርማ ነጠብጣብ ያለበት፣ ትውልዱ ከአፍጋኒስታን፣ ከፓኪስታንና ከሕንድ ሰሜን ምዕራብ ደረቅ አገር የሆነ፣ አሜሪካ ውስጥ በመስታወት ሳጥን የሚያድግ ዓይነት ነው። እማማ መጀመሪያ አማተቡ።

"እንሽላሊት? ቤት ውስጥ? ልጁ አጠገብ?"

ልጅቱ ስቃ ልታልፈው ስትል እማማ ቀጠሉ። ምን ይበላ ነበር? ፌንጣ። ማን ነው የሚሰጠው? ልጁ። ኩሱን አይታችሁታል? ያለበት ቦታ አይበርድም? ሰሞኑን ምን ተለወጠበት? በስልኩ ማዶ ሳቁ ቆመ። "እማዬ፣ ሐኪሙም የጠየቀን ይህንኑ ነው" አለች። እማማ አልተገረሙም። ይልቅ የገረማቸው ለእንሽላሊት ሐኪም መኖሩ፣ ከዚያ ደግሞ ለአንድ ቀን ምርመራ የተከፈለው ከእንስሳው ዋጋ መብለጡ ነው።

ስለ ጌኮ አንዲት ነገር አያውቁም። በሽተኛ ከብት ግን ዕድሜ ልካቸውን አስታመዋል፤ የታመመ እንስሳ ቤት ሲገኝ ምን ምን እንደሚጠየቅ ለማወቅ ያ በቂ ሆኖ አገኘሁት።

*

የጌኮ ነገር ከብርድ ይጀምራል። የራሱ የሰውነት ሙቀት የለውም፤ ከተኛበት መሬት ይቀበላል። የነብርማው ጌኮ ሳጥን አንደኛው ጥግ ሠላሳ ሁለት ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እንዲሞቅ፣ ሌላው ጥግ ቀዝቀዝ እንዲል ይደረጋል፤ እንስሳው እንደ ፍላጎቱ ከወዲያ ወዲህ ይላል። ሙቀቱ ከወረደ ሆዱ የዋጠውን መፍጨት አይችልም። ስለዚህ መብላት ያቆማል፤ ማቆሙም ያዋጣዋል፣ ያልተፈጨ ፌንጣ ሆዱ ውስጥ ከሚበሰብስ። ባለቤቱ ግን ፌንጣ ይለውጣል፣ ትል ያመጣል፣ ቫይታሚን ይነሰንሳል። ማሞቂያው መሥራቱን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው።

ጭራውንም ማየት ያስፈልጋል። የዚህ ጌኮ ጭራ እንደ መንዝ በግ ላት የስንቅ ማከማቻ ነው። ገበያ ላይ በግ የሚገዛ ሰው ወገቡን ዳሶ፣ ላቱን በእጁ መዝኖ፣ ከዚያ ነው ዋጋ የሚጠራው፤ የጌኮ ሐኪምም አይኑ መጀመሪያ ጭራው ላይ ያርፋል። ጭራው ወፍራም ከሆነ ጎልማሳ ጌኮ ለሳምንታት ሳይበላ ቢቆይ አይጎዳም። ቆዳውን ሊቀይር ሲል ይተዋል፤ በመራቢያ ወቅት ወንዱ ይተዋል፤ ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትቃረብ ትተዋለች። ጭራው እየቀጠነ ከሄደ ግን የሆድ ጥገኛ ተሕዋስ፣ የዋጠው አሸዋ የፈጠረው ድርቀት ወይም የአፍ ቁስል ሊሆን ይችላልና መጠበቅ አያዋጣም።

አሜሪካዊው ልጅ እንስሳውን በወጥ ቤት ሚዛን በግራም እየመዘነ ደብተር ላይ ይጽፋል አሉ። ብልህ ልጅ ነው።

*

እንስሳ በትእዛዝ የጾመው በነነዌ ብቻ ነው። እዚህ የነነዌን ሦስት ቀን የሚጾም ሰው ታሪኩን ያውቀዋል፤ ንጉሡ ሰውም ከብትም እንዳይቀምስ አዋጅ አስነገረ። ከዚያ ወዲህ እንስሳ አልበላም ካለ ምክንያቱ ከራሱ ነው።

*

የማስታመም ትልቁ ጠላት ጠርሙስ ነው። በሬ መኖ እምቢ ባለ ማግሥት ሦስት ወንዶች ይጠራሉ፤ አንዱ ቀንዱን ይይዛል፣ አንዱ አፍንጫውን ጠምዝዞ አንገቱን ወደ ሰማይ ያቀናል፣ ሦስተኛው የተልባ ውሃ ወይም የተወቀጠ ቅጠል የተበጠበጠበትን ጠርሙስ በአፉ ጥግ አስገብቶ ይደፋል። በሬው ሲያስል "መድኃኒቱ ያዘው" ይባላል። የያዘው መድኃኒቱ አይደለም። አንገቱ ሽቅብ የቀና ከብት በደንብ መዋጥ አይችልም፤ የተደፋበት ፈሳሽ በጉሮሮው ሳይሆን በአየር ቧንቧው ወርዶ ሳንባው ይገባል። ከቀናት በኋላ በሬው በሳንባ ምች ሲሞት "መጀመሪያም አልተረፈም ነበር" ተብሎ ይታለፋል።

የእንስሳት ሐኪሞች የሚሉት አስቸጋሪ ነገር አይደለም። አንገቱ ከጀርባው ጋር እኩል ይሁን፣ በትንሽ በትንሹ ይሰጠው፣ ካሳለ ወዲያው ይለቀቅ። ይህን የማያውቅ ገበሬ ጥቂት ነው፤ ብዙው ሰምቶታል። ችግሩ ጎረቤት ተሰብስቦ እያየ ቀስ ማለት አለመቻሉ ነው። ከብት የታመመበት ሰው አንድ ነገር ሲያደርግ መታየት አለበት። በጠርሙስ ሙሉ ሲደፋ "አልተወውም፣ ታግሎለታል" ይባላል፤ ቁጭ ብሎ ያየው እንደሆነ ሰነፍ ነው።

ሜሪላንድ ላይም ያው ነው። በመርፌ መሳቢያ የተፈጨ ምግብ ወደ ጌኮው አፍ የሚጭን ባለቤት፣ ልቡ የተሰበረ ደግ ሰው ነው። እንስሳው በርዶት ከሆነ የሚያደርግለት ነገር ሆዱ ውስጥ የሚበሰብስ ጭነት መጨመር ነው።

*

ጠግቦ የሚታመምም አለ። ሳይታይ አውድማ የገባ በግ ወይም ጎተራ የደረሰ በሬ እህሉን እስኪበቃው ከበላ በኋላ ሆዱ በአሲድ ይሞላል፤ በማግሥቱ አፉን ይዘጋል፣ ይንገዳገዳል፣ ይቀዝናል። ያን ጊዜ "ይጠናከር" ተብሎ አተላ ሲቀርብለት ያየሁት ብዙ ነው። የጤነኛ በሬ ማመንዠኪያ ከሆዱ ወጥቶ ለታመመው ቢሰጥ የሞተውን የሆድ ተሕዋስ መልሶ ሊተካለት ይችላል፤ የእንስሳት ሕክምና ይህንን አሁንም ይሠራበታል። አተላው ግን ለጤነኛው ይቆይ።

*

አንኮበርና ጌኮ ጨርሶ ባዕድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1876 በኦራዚዮ አንቲኖሪ እየተመራ ሸዋ የገባው የጣሊያን ጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን፣ ከንጉሥ ምኒልክ ቦታ ተሰጥቶት እዚህ አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ የምርምር ጣቢያ ከፈተ። አንቲኖሪ የወፍ ሰው ነበር። ወፉንም፣ አይጡንም፣ እባቡንም እየሰበሰበ ወደ አገሩ ይልክ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1882 እዚያው ልጥ ማረፊያ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ጣቢያውን ከመሩት አንዱ ሐኪሙ ቪንቼንሶ ራጋዚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 ጆን አንደርሰን የተባለው የእንስሳት ተመራማሪ ጣቶቹ ጫፋቸው ላይ ሰፋ ብለው የተዘረጉ፣ ገደል ላይ ተለጥፎ የሚኖር አንድ ጌኮ በራጋዚ ስም ጠራው። ስሙ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ያ ጌኮ የቆላ ነው፤ ጅቡቲን፣ ሶማሊያንና የእኛን ሞቃት ዓለት ይወዳል። የአንኮበር ጉም ቢይዘው አንድ ሌሊት አያድርም። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሐኪም በስሙ እንስሳ ተጠርቶለት፣ ያንን እንስሳ የማከም ነገር በዚያ ዘመን የማንም ሐሳብ አልነበረም። እንስሳው የሚፈለገው ከሞተ በኋላ ነው፤ አልኮል ውስጥ ገብቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ መደርደሪያ ላይ። መብላት ማቆሙ የሚያስጨንቀው ሰው እስኪመጣ ጌኮ አንድ ክፍለ ዘመን ያህል ጠብቋል።

*

ደጋው የራሱ አለው፤ እስስት። አጥር ላይ፣ ቁጥቋጦ ላይ፣ አንዳንዴም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ትገኛለች። በኢትዮጵያ ደጋ የምትኖረው እስስት እንቁላል አትጥልም፤ ልጆቿን ሆዷ ውስጥ ይዛ ትወልዳቸዋለች። በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ እንቁላል መቅበር አያዋጣምና፣ ፀሐይ እየሞቀች እናት ራሷ ታሞቃቸዋለች። ይህን የነገርኩት አንድ ሽማግሌ "ታዲያ ከበግ በምን ታንሳለች?" አሉኝ። የሰፈሩ ልጆች ግን ባዩዋት ቁጥር ድንጋይ ያነሳሉ። እስስት ሳትበላ ብትቆይ የሚያውቅላት የለም፤ እንደ እኔ ግን ከቆላ አገር ተይዛ ሳጥን ውስጥ ከምትገባ እስስት የአንኮበሯ ይሻላታል፣ ድንጋዩ እንኳ ተቆጥሮ።

*

ኤርምያስ ሉለቃልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት በአንኮበር ወረዳ ለከብት መድኃኒት የሚውሉ ሃምሳ አንድ ዕፅዋት መዝግበዋል። ለአንድ ወረዳ ቀላል ሀብት አይደለም። እኔ ጥናቱን ሳነብ ያሰብኩት ከሃምሳ አንዱ ውጭ ስለቀሩት ነው። እዚህ መድኃኒት አዋቂ ቅጠሉን ቆርጦ የሚመጣው ጨለማ ለብሶ ነው፤ ወቅጦ፣ ደባልቆ፣ መልኩን አጥፍቶ ይሰጣል። ስሙን ከጠየቁት "ከተነገረ ይረክሳል" ይላል። ለልጁ እንኳ የሚነግረው ሊሞት ሲቃረብ ነው፤ ልጁ ደግሞ ደብረ ብርሃን ሥራ ይዞ ቆይቷል።

አንድ ነገር ልመስክር። አፍንጫ ውስጥ ለተጣበቀ አልቅት የትምባሆ ውሃ ይሠራል። ከኩሬ የጠጣ ከብት አፉን ከፍቶ ደም እየደማ ሣሩን ሲተው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኼው ነው፤ አልቅቱ ሲወጣ በዚያው ዕለት ይግጣል። ለዚህ ክሊኒክ የሚሄድ ሰው አላየሁም፤ መሄድም ያለበት አይመስለኝም።

*

በግ አንገቷን አጣማ በአንድ አቅጣጫ እየዞረች ሣር መንጨት ስትተው "አዙሪት ያዛት" ይባላል። መድኃኒቷ ቢላዋ ነው፤ ታርዳ ሥጋዋ ይበላል፤ የሚያስነውር ነገር የለውም። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን ግን ልብ ብላችሁ እዩ። ጭንቅላቷ ተፈልጦ ለውሻ ይጣላል።

አዙሪት ማለት የውሻ የኮሶ ትል እጭ ነው። ትሉ ውሻው አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ እንቁላሉ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ግጦሽ ላይ ይወድቃል፤ በጊቱ ከሣር ጋር ትበላዋለች፤ እጩ አንጎሏ ላይ ወጥቶ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። አንጎሏን እየተጫነ ያዞራታል። ዑደቱ የሚዘጋው ውሻ ያንን አንጎል ሲበላ ነው። በየጓሮው የሚጣለው የአዙሪት በግ ጭንቅላት የሚቀጥለውን ዓመት አዙሪት ይዘራል። ቢቀበር ወይም ቢቃጠል ነገሩ እዚያው ይቆማል። ይህን በመንዝም በአንኮበርም ለስንት ሰው እንደነገርኩ አላስታውስም። ሁሉም ይስማማል፤ ከዚያ ውሻው ጭራውን እየቆላ ይመጣል። ውሻ ፊት ጭንቅላት መቅበር ንፉግነት ይመስላል መሰለኝ።

*

ዶሮ መብላት ስታቆም የምርመራው ጊዜ በጣም አጭር ነው። ፈንግል መሆኑ ይታወቃል፤ "ሳትሞት" ይባላል፤ ድስት ይጣዳል። ልጆች ግን ያዝናሉ፤ በተለይ ስም ያወጡላት ከሆነ።

በሬ ላይ ግን ይህቺ "ሳይሞት" የምትባል ነገር ታስፈራኛለች። ማታ ደህና የገባ በሬ ጠዋት መኖ እምቢ ብሎ፣ ትኩሳት ይዞት፣ አንገቱ ካበጠ አባሰንጋ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ግን የሚያስበው የስንት ዓመት ሀብቱ ሊወድቅ መሆኑን ነው። ወዲያው ቅርጫ ይጠራል፤ ሥጋው በርካሽ ይከፋፈላል፤ ቆዳው ይገፈፋል። ከዚያ የገፈፈው ሰው ክንዱ ላይ ጥቁር ቁስል ይወጣል። የአባሰንጋ ዘር ደሙ የፈሰሰበት አፈር ውስጥ ለዓሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል፤ ሬሳው ሳይከፈት በጥልቀት እንዲቀበር የሚመከረው ለዚያ ነው። የአፈሩን ነገር ገበሬው ይረዳል። በሬውን ሳይነካ መቅበር ግን የባንክ ደብተር መቅበር ይመስለዋል፤ አልፈርድበትም። ምክር የሚሰጠው ሹም የራሱ በሬ ቢሆን ምን እንደሚያደርግ ማየት እፈልጋለሁ።

*

ክፉ ቀን የሚባለው ዘመን የጀመረው ከብት አፉን ሲዘጋ ነው። ደስታ የሚባለው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1888 አካባቢ ለጣሊያን ጦር በምፅዋ በኩል በገቡ ከብቶች መጥቶ አገሩን አዳረሰ፤ ከብቱ ይተኩሳል፣ አፉ ይቆስላል፣ መኖ ይተዋል፣ ይቀዝናል፣ ይወድቃል። ከመቶ ዘጠና ያህሉ ከብት እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ሲያልቅ ማረሻ ቆመ፤ ድርቅም፣ አንበጣም ተከተለ፤ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እስከ መቆፈር ደረሱ።

የእኛ የመጨረሻ ምዕራፍ የተዘጋው ከአንኮበር አፋፍ ላይ ሆነው ቁልቁል በሚያዩት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አፋር ውስጥ የዘመቻ ቡድን በመኪና እየሄደ መከተብ አልተሳካለትም፤ አርብቶ አደሩ ይንቀሳቀሳል፣ ክትባቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ሙቀት የሚችል ክትባት ሲመጣ መርፌው ለአፋሮቹ ለራሳቸው፣ ከከብቱ ጋር ለሚውሉት ተሰጠ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1995 አፋር ውስጥ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው መሆኑ ነው። አሁን ደግሞ የበግና የፍየሉን ደስታ መሰል በሽታ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ታቅዷል። የዚያን ዕቅድ ዝርዝር ሳይ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርፌውን የሚይዘው ማን ነው?

*

ክሊኒክ በር ላይ ከታመመ በሬ ጋር የሚቆመው አባወራው ነው። በሬው ሲውል አብሮት የሚውለው ግን ልጁ ነው፤ ድሮ ሙሉ ቀን፣ አሁን ትምህርት በፈረቃ ስለሆነ ግማሽ ቀን። በሐኪሙ መዝገብ ላይ ግን "አስታማሚ" ተብሎ የሚጻፈው የአባወራው ስም ነው።

"መብላት ያቆመው መቼ ነው?"

"ትናንት ነው፣ ዶክተር።"

"ማመንዠክስ?"

"ያመነዥካል፤ ይመስለኛል።"

ከበሬው ኋላ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመው ልጅ መሬት መሬት እያየ ነበር። "አባዬ፣ ከሐሙስ ጀምሮ እኮ ነው" አለ። "ሐሙስ ከወንዙ ሲጠጣ ውሃው በአፍንጫው ተመለሰ። ዓርብ ሣሩን አፉ ውስጥ ይዞት ቆየና ተፋው። ድንች ማሳ ገብቶ ነበር፣ አልነገርኩህም እንጂ።"

አባትየው ሊቆጣው ፊቱን አዞረ። ሐኪሙ የበሬውን ጉሮሮ በእጁ እየዳበሰ "ተወው፣ ተወው" አለውና ልጁን ወደ ፊት ጠራው። ድንቹ ስንት ያህል ነበር? ትልልቅ ነው ወይስ ደቃቅ? ከዚያ ወዲህ አግስቷል? ምራቁ ይንጠባጠባል? ልጁ ለእያንዳንዱ መልስ ነበረው። አባትየው ገመዱን ይዞ ዝም አለ።